መኪናው ከፍ ሲል ምን ዝቅ ይላል?

ከደጀን ተነሥቶ በየጥኖራ በኩል ወደ ቢቸና፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀው የምሥራቅ ጎጃም ምድር በብዙ ቦታ መረሬ ነው። ዋልካ እያሉ የሚጠሩትም አሉ። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ እንደ ሸክላ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በሐምሌ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይላቁጣል፣ የረገጠውንም ሁሉ ይይዛል። የቢቸና ጤፍ ስሙ የተጠራው በዚሁ አፈር ነው። ይኸው አፈር ግን ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደየቀበሌው ለሚገባ ተሽከርካሪ የክረምት መከራ ነው።

ለዚህ መከራ ሾፌሮችና መካኒኮች ያገኙት መልስ የታወቀ ነው፤ ዕድሜ የጠገበውን ላንድሮቨር ወይም ላንድ ክሩዘር ወደ ጋራዥ ወስዶ ከፍ ማድረግ። በባሌስትራው ላይ ከሌላ መኪና የተገኘ ተጨማሪ ንጣፍ ይደረብበታል፤ ወይም ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ማንጠልጠያ ረዘም ባለ ብረት ይለወጣል፤ ወይም ደግሞ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ወፍራም ብረት ገብቶ በረጃጅም ብሎኖች ይታሰራል። መኪናው በ5፣ በ8፣ አንዳንዴም በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከጋራዥ ይወጣል። ሲያዩት ግርማ ሞገስ አለው። ባለቤቱም ከእንግዲህ ጭቃ አይዘኝም ብሎ ያምናል።

ለመሆኑ ከፍ ያለው የመኪናው ምኑ ነው? ይህ ከፍታስ በምን ተገዛ? ጥያቄው የ2ኛ ደረጃ ተማሪ በያዘው የፊዚክስ እውቀት ሊመለስ የሚችል ነው። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ ሲነሣ አይሰማም፤ በጋራዥም ውስጥ የሚያሰላው የለም።

ይህን ሥራ ከሩቅ ሆኖ መንቀፍ ቀላል ነው። በውጭ አገር በትምህርት ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት መኪና ከፍ ማድረግ የዕረፍት ቀን መዝናኛ ሆኖ አይቼዋለሁ፤ ሙሉ ዕቃው በካርቶን ታሽጎ፣ ከእርሱ ጋር ምን ምን መለወጥ እንዳለበት የሚዘረዝር መመሪያ ተያይዞለት ይሸጣል። በእኛ አገር ግን ነገሩ መዝናኛ አይደለም። ምጥ የያዛት እናት ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ መምህሩ ደመወዙን፣ ገበሬው ማዳበሪያውን ይጠብቃል። መኪናው ወንዙን መሻገር አለበት። በመሆኑም የማነሣው ነጥብ ሾፌሩ ለምን ተጨነቀ የሚል አይደለም።

አስተያየቴን አስቀድሜ ልግለጽ። በእኔ እምነት መኪናን ከፍ ማድረግ ጭቃው ያላነሣውን ጥያቄ መመለስ ነው፤ ዋጋው የሚከፈለውም በጭቃው ውስጥ ሳይሆን መንገዱ ባማረበት ቦታ ነው። ይህ ሁኔታ በስሌት ሊታይ፣ በልኬት ሊረጋገጥ፣ በዓመታዊ ምርመራም ሊጠየቅ ይገባዋል።

እስቲ በቅድሚያ ከመኪናው ሥር ገብተን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው ሦስተኛው ትውልድ ላንድሮቨር፣ እንዲሁም ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቀው የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ከባድ ሥራ የሚሠሩ ሞዴሎች ግራና ቀኝ ጎማቸው በአንድ ድፍን አክስል የተያያዘ ነው። በላንድ ክሩዘሩ የፊት አክስል ላይ ባሌስትራው በሞላ የተተካው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የኋላው እስከ ዛሬም ባሌስትራ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ላይ ለመሬት እጅግ የሚቀርበው ክፍል በአክስሉ ላይ እንደ ቅል አብጦ የሚታየው ዲፈረንሻል ነው። አክስሉ የተሸከመው በጎማዎቹ ነው። ባሌስትራው ደግሞ አክስሉን ከሻንሲው ጋር ያገናኛል። ስለዚህ ባሌስትራው ላይ ምንም ዓይነት ብረት ቢደራረብ ከፍ የሚለው ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ አካሉና ተሳፋሪው እንጂ ዲፈረንሻሉ አይደለም። ዲፈረንሻሉ ትናንት ከነበረበት ቦታ አንዲት ሚሊ ሜትር ንቅንቅ አላለም። ጭቃ ላይ የሚጎተተው፣ በጎማ ዱካ መካከል በቀረው ጉብታ ላይ የሚቀመጠውና መኪናውን ተንጠልጥሎ እንዲቀር የሚያደርገው ግን እርሱ ነው።

ከፍ በማድረግ የሚገኝ ጥቅም የለም ማለቴ አይደለም። የመኪናው አፍንጫና ጅራት ከመሬት ስለሚርቁ ቀጥ ያለ የወንዝ ዳር ሲወጣና ሲወርድ መከላከያው አይነካም፤ ሆዱም በትልቅ ድንጋይ ላይ አይጋጭም። ለቋጥኝ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለመረሬ ግን ያን ያህል አይደለም። አክስሉን ከፍ የሚያደርገው አንድ ነገር ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚሰጠው የጭማሪውን ግማሽ ነው። የጎማው ቁመት ከ76 ሳንቲ ሜትር ወደ 82 ሳንቲ ሜትር ቢያድግ አክስሉ በ3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ለዚህች 3 ሳንቲ ሜትር የሚከፈለውም ቀላል አይደለም። ፍሬኑ የሚፈጥረው የማቆሚያ ጉልበት ወደ መሬት የሚደርሰው በጎማው ራዲየስ ተካፍሎ ስለሆነ ያው የፍሬን አያያዝ በ7 በመቶ ገደማ ያንሳል። የፍጥነት መለኪያው 50 ሲል መኪናው 54 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄደ ነው።

ይህን ከዓባይ በረሃ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩም ሆነ ከደጀን ወደ ድልድዩ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 2,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,200 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 27 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ 80 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ሲሆን፣ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ያልያዘው ሁሉ በፍሬን ሸራዎቹ ላይ ያርፋል። የ7 በመቶ ቅናሽ በቢቸና ከተማ ውስጥ ምንም አይደለም፤ እዚያ ቁልቁለት ላይ ግን ነገር አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አንድ መኪና ኩርባ ሲይዝ ወደ ውጭ የሚገፋው ያህል ሆኖ ይሰማናል። ጎማዎቹ መሬት ላይ ባላቸው ሰበቃ ወደ ኩርባው መካከል ይሳባሉ፤ የመኪናው የስበት ማዕከል ግን ከመሬት በላይ ስለሆነ ይህ ጉልበት መኪናውን ወደ ውጭ ለመገልበጥ ይሞክራል። የሚከላከለው የራሱ ክብደት ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት በሰፋ ቁጥር ይጸናል፤ የስበት ማዕከሉ ከፍ ባለ ቁጥር ይዋልላል። የሁለቱ ውድር፣ ማለትም የጎማ ለጎማ ስፋት ለእጥፍ የስበት ማዕከል ከፍታ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ የመረጋጋት ቁጥር ልንለው እንችላለን። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ይህንኑ ቁጥር መኪኖች ለመገልበጥ ያላቸውን ዕድል ለሕዝብ ለማሳወቅ ይጠቀምበታል። እንደ መሥሪያ ቤቱ ገለጻ አብዛኞቹ የቤት አውቶሞቢሎች ከ1.30 እስከ 1.50፣ ከፍ ያሉት የመስክ መኪኖችና ፒካፖች ደግሞ ከ1.00 እስከ 1.30 ያገኛሉ።

ስሌቱን ለመረዳት እንዲያመች አንድ አሮጌ የመስክ መኪና በግርድፉ እንውሰድ። ክብደቱ 1,900 ኪሎ ግራም፣ የጎማ ለጎማ ስፋቱ 1.40 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የመረጋጋት ቁጥሩ በትክክል 1.00 ነው። ራዲየሱ 30 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ፍጥነት ደግሞ 62 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ይሆናል። አሁን ጋራዥ ገብቶ በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ጎማዎቹና አክስሎቹ ስለማይነሡ የስበት ማዕከሉ የሚነሣው ከ10 ያነሰ ነው፤ 8 ሳንቲ ሜትር እንበል። ቁጥሩ ወደ 0.90፣ የመገልበጫ ፍጥነቱ ወደ 58 ዝቅ ይላል።

አንባቢ እዚህ ላይ «ይኼው ነው እንዴ?» ሊል ይችላል። አዎ፣ ይኼው ነው። ከ4 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ልዩነት ነው። መኪና ከፍ ያደረገ ሁሉ ይገለበጣል የሚል ሰው ፊዚክስን አያውቅም፤ ሾፌሩም ይስቅበታል፣ ሲስቅበትም እውነት አለው።

ነገር ግን ከፍ ያለው መኪና ባዶውን አይሄድም። የገበያ ቀን ነው፤ ፖርቶ መጋላው ላይ 4 ኩንታል ጤፍ ወጥቷል። ይህ 400 ኪሎ ግራም የተቀመጠው ከመሬት 2.20 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዲሱ የስበት ማዕከል የሁለቱ አማካይ ሲሰላ 1.03 ሜትር ይሆናል። የመረጋጋት ቁጥሩ 0.68፣ የመገልበጫ ፍጥነቱ 51 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው ሳይነሣ ያንኑ 4 ኩንታል ቢጭን ኖሮ ቁጥሩ 0.74 ይሆን ነበር። ከፍ ብሎ ሳለ ጤፉን ወለሉ ላይ ቢያደርገው ደግሞ 0.86 ገደማ። ከዚህ የምንረዳው ጉዳቱን በዋናነት የሚያመጣው ባሌስትራው ሳይሆን ፖርቶ መጋላው መሆኑን ነው። ባሌስትራው የሚሠራው ሌላ ነገር ነው፤ የቀረችውን ጥቂት ትርፍ ይበላል። ከዚህም ሌላ ሾፌሩን ያበረታታዋል። የተጠናከረ ባሌስትራ ያለው መኪና ተጭኖም አይጎብጥም፤ ቀድሞ መኪናው ጎብጦ «በቃኝ» ይል የነበረው አሁን ዝም ስለሚል ሁለት ኩንታል ይጨመርበታል።

ስሌቴ መኪናውን እንደ ድፍን ድንጋይ የቆጠረ ነው። እውነተኛው መኪና በኩርባ ላይ በባሌስትራውና በጎማው ላይ ስለሚያጋድል የስበት ማዕከሉ ወደ ውጭ ይጠጋል፤ እውነተኛው ገደብ እነዚህ ቁጥሮች ከሚሉት ያነሰ ነው። በዘንበል ደረጃ ብናየው 0.68 ማለት ድንጋይ ቢሆን በ34 ዲግሪ የሚገለበጥ አካል ነው። በእንግሊዝ አገር ተሳፋሪ የሚያመላልስ ባለ አንድ ፎቅ አውቶቡስ በሚያዘነብል መድረክ ላይ ቆሞ እስከ 35 ዲግሪ ሳይገለበጥ እንዲቆይ ይፈለግበታል። ከዚህ መመዘኛ ጋር ሲነጻጸር፣ ዘመዶቻችንን ጭኖ ከገበያ የሚመለሰው መኪና ማጋደሉ ሳይቆጠር እንኳ ያንሳል ማለት ነው።

0.68 የሚለውን ቁጥር የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ መኪና በኩርባ ላይ በፍጥነት ሲገባ ሁለት ነገር ሊደርስበት ይችላል፤ ወይ ይንሸራተታል፣ ወይ ይገለበጣል። የትኛው ይቀድማል የሚለውን የሚወስነው የመረጋጋት ቁጥሩና የሰበቃው መጠን ፉክክር ነው። ሰበቃው ከመረጋጋት ቁጥሩ ካነሰ ጎማው ቀድሞ ይለቃል። መኪናው ይንሸራተታል፤ ሾፌሩ ይደነግጣል፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሣል፣ ብዙ ጊዜም ይድናል። ሰበቃው ከበለጠ ግን ጎማው መሬቱን እንደያዘ መኪናው ይነሣል። ይህ ደግሞ ማስጠንቀቂያ የለውም።

በእርጥብ ጭቃ ላይ የሰበቃው መጠን ከ0.3 ላይበልጥ ይችላል፤ በልቅ ጠጠር ላይ 0.5 ገደማ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ከ0.7 እስከ 0.8 ይደርሳል። ልብ በሉ፤ 0.68 ከጠጠሩ ይበልጣል፣ ከአስፋልቱ ያንሳል። ያው መኪና፣ ያው ጭነት፣ ያው ሾፌር በጠጠር መንገድ ላይ ሲንሸራተት ኖሮ በአስፋልት ላይ ይገለበጣል። የጠጠር መንገድ አቧራው ቢያስመርረንም ሳናውቀው ይምረን ነበር ማለት ይቻላል።

የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር የአገራችን መንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ሁለት አሥርት ዓመታት ሳይሞላ ከ100,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን መንገዱ በተለወጠበት ፍጥነት የመኪናው ቁመና አልተለወጠም። ለጭቃው የተነሣው መኪና ከጭቃው ወጥቶ አስፋልቱን ሲይዝ ቁመቱን አውልቆ አይተውም። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚኬድበት ቦታ የተደረገው ማሻሻያ በ80 ወደሚነዳበት ቦታ አብሮ ይመጣል። የአስፋልቱ ዳርቻ ደግሞ ያው መረሬ ነው። አንድ ጎማ ከአስፋልት ወጥቶ ለስላሳው ውስጥ ሲሰምጥ መኪናው እንደተጠለፈ ሰው ነው የሚሆነው፤ በዓለም ዙሪያ አብዛኛው የመገልበጥ አደጋ የሚደርሰውም በእንዲህ ዓይነቱ መጠለፍ ነው። እዚያ ላይ ሰበቃ የሚባል ነገር አያድንም፤ የሚቆጠረው የመረጋጋት ቁጥሩ ነው።

ከፍታን ችላ ማለት የጋራዥ መካኒክ ብቻ ድካም እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 የስዊድን የመኪና መጽሔት ጋዜጠኞች የመርሴዲስን አዲስ ትንሽ መኪና «ኤ ክላስ»ን በድንገት ወደ ግራ ከዚያም ወደ ቀኝ በማጠፍ ሲፈትኑ ተገለበጠባቸው። ፈተናው መንገድ ላይ ድንገት ከሚገባ ትልቅ የአጋዘን ዓይነት እንስሳ ለማምለጥ የሚደረግን መታጠፍ የሚመስል ነው። በዓለም አንቱ ከተባሉት መሐንዲሶች ጥቂቶቹ የሠሩት ከፍ ያለና ጠባብ መኪና ነበር። ኩባንያው ርክክቡን አቁሞ የተሽከርካሪውን እግር አሻሻለ፤ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስም በሁሉም ላይ ገጠመ። በ1970ዎቹ በተሠራ ላንድሮቨር ውስጥ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር የለም። ያለው የሾፌሩ እጅ ነው።

ሌሎቹን መዘዞች ባጭሩ ልለፋቸው። ባሌስትራ ላይ ንጣፍ ሲደረብ ቁመት ብቻ ሳይሆን ግትርነትም ይጨምራል። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመውን ሕግ እናስታውስ። መኪናው በክብደቱ ባሌስትራውን 12 ሳንቲ ሜትር ሲጫነው በሴኮንድ 1.4 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፤ ይህ ከሰው እርምጃ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ሰውነት ይለምደዋል። ባሌስትራው ጠንክሮ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲጎብጥ ውዝዋዜው ወደ 2.2 ያድጋል። ጎድን ጎድን በሠራ የጠጠር መንገድ ላይ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይዝም፣ አይታዘዝም። ሾክ አብዞርበሩም ለድሮው ቁመት የተሠራ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ተስቦ ይቀራል።

መካኒኮች ሁልጊዜ ልብ የማይሉት አንድ ነገር ግን ሰፋ አድርጎ ማንሣት ያስፈልጋል። በብዙ ላንድ ክሩዘሮችና ፒካፖች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘች አንዲት ቫልቭ አለች። ሥራዋ በአካሉና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት እያየች የኋላውን ፍሬን መጠን መወሰን ነው። ርቀቱ ሲጠብ «መኪናው ተጭኗል» ብላ ፍሬኑን ትጨምራለች፤ ሲሰፋ «ባዶ ነው» ብላ ትቀንሳለች። አሁን አካሉን በ10 ሳንቲ ሜትር አነሣነው። ቫልቯ የምታየው ርቀት ሰፍቷል። መኪናው እስከ ጣሪያው ተጭኖ ሳለ «ባዶ ነው» ብላ የኋላውን ፍሬን ትቀንሳለች ማለት ነው። የቫልቯን ዘንግ መልሶ ማስተካከል ብዙ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ችግሩ መሠራት እንዳለበት አለማወቁ ላይ ነው።

ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግም ከፍታው ሲጨምር ማዕዘኑ ይሰፋል። ክሮቼራ የሚሉት መስቀል መሰል መገጣጠሚያ 20 ዲግሪ ሲታጠፍ የሚያስተላልፈው ዙር በእያንዳንዱ ሽክርክሪት ውስጥ ሁለት ጊዜ በ6 በመቶ እየፈጠነና እየዘገየ ነው። ሁለቱ ጫፎች እኩል ማዕዘን ካልያዙ መንቀጥቀጡ አይሻርም፤ ክሮቼራውም ቶሎ ያልቃል። የረዘመ ማንጠልጠያ የፊት አክስሉን በጥቂት ዲግሪ ስለሚያዞረው መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ መመለሱን ሊተው ይችላል። የፊት መብራቱም የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል።

ታዲያ ጭቃው ምን ጠይቆ ነበር? ጭቃው የሚጠይቀው ስለ ቁመት ሳይሆን ስለ ግፊት ነው። የሰው እግር በሚሰምጥበት ማሳ ላይ ሰፊ ሳንቃ ቢነጠፍ የማይሰምጠው ለምንድን ነው? ክብደቱ አልቀነሰም፤ ያረፈበት ስፋት ጨመረ እንጂ። ጎማም እንዲሁ ነው። 2,300 ኪሎ ግራም በ4 ጎማ ሲካፈል እያንዳንዱ 575 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ጎማው በ2.5 ባር፣ ማለትም በ36 ፒ.ኤስ.አይ. ከተነፋ መሬቱን የሚነካው ስፋት በግርድፉ 225 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ ግማሹ ቢተነፍስ ስፋቱ 450 ይሆናል። መሬቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት በግማሽ ቀነሰ፤ ወጪው የእጅ ወይም የእግር ፓምፕ ዋጋና የሩብ ሰዓት ድካም ነው። ለዚህ ሲባል አንዲት ሳንቲ ሜትር እንኳ ከፍ ማለት አላስፈለገም።

ሙሉ መድኃኒት ነው አልልም። ማስተንፈስ ከጭቃ ይልቅ በአሸዋ ላይ የበለጠ ይጠቅማል። የተነፈሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል፣ ከቸርኬውም ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ በዝግታ ተነድቶ አስፋልት ላይ ከመውጣት በፊት ተመልሶ መነፋት አለበት። በሙጫ መሰሉ መረሬ ላይ የጎማ ሰንሰለትም ይረዳል። የመንገዱ የራሱ መድኃኒት ደግሞ የጎርፍ መውረጃ ቦይና ገረጋንቲ መሆኑን ማንም ያውቃል። እኔ የምለው፣ የማይመለስና በየኩርባው የሚያስከፍል ለውጥ ከማድረግ በፊት፣ ተመላሽ የሆነውና ርካሹ ይሞከር ነው። ከቢቸና ወደ አንድ ቀበሌ የሚገባ ሾፌር ጭቃው ጋ ሲደርስ አስተንፍሶ ሲወጣ ቢነፋ መኪናው አስፋልት ላይ ፋብሪካው የሰጠውን ሚዛን እንደያዘ ይቆያል።

ይህን ጉዳይ ጊዜ ይፈታዋል የሚሉ ይኖራሉ። አሮጌው መኪና ይጣልና ዘመናዊው ይተካል ይላሉ። እኔ ግን ወደ ተቃራኒው አደላለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። የፖሊሲዎቹን በጎነት ለመመዘን እዚህ አልገባም። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፤ በእጃችን ያሉት አሮጌ የመስክ መኪኖች በሶማሌ ተራ በሚገኝ መለዋወጫና በምን አለሽ ተራ በሚቀጠቀጥ ብረት እየታደሱ ገና ብዙ ክረምት ያያሉ። በየጋራዡ የሚደረገው ማሻሻያም እየበዛ እንጂ እያነሰ አይሄድም።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለን፤ ዓመታዊ ምርመራም አለን። ምርመራው ፍሬኑንና መብራቱን ያያል። አንድ ሜትር መለኪያ ይዞ «ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ቁመቱ ስንት ነበር? ዛሬስ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል? በአውስትራሊያ የመኪናውን ቁመት ከተወሰነ ልክ በላይ የሚጨምር ሰው የመሐንዲስ ማረጋገጫ ይጠየቃል። እኛ ማንሣትን በጅምላ እንከልክል ቢባል የምስማማ አይደለሁም፤ የሚከለክለው ሰው መኪናውን ከወንዙ አያወጣውም። የተነሣ መኪና ግን በፖርቶ መጋላው ላይ ጭነት እንዳይጭን፣ የፍሬን ቫልቩ ተስተካክሎ እንዲመጣ፣ ሾክ አብዞርበሩ በረጅሙ እንዲለወጥ ማስገደድ ይቻላል። ከሦስቱ ውስጥ የመጀመሪያው ብር አይጠይቅም፤ ብዙውን ሕይወት የሚያተርፈውም እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀሪው ሥራ የእኛ የሳይንስ ፋኩልቲዎች ነው። ተማሪዎቻችን የሁክን ሕግ በተሰጠ ቁጥር ያሰላሉ፤ ባሌስትራ ግን ለክተው አያውቁም። ከእኛ ግቢ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ መካኒኩ በየቀኑ ሙከራ ያደርጋል፤ ውጤቱን የሚመዘግብለት የለም። ሙከራው ከባድ እንዳይመስላችሁ። የከባድ መኪና ሚዛን ባለበት ቦታ በቅድሚያ ሙሉውን መኪና፣ ቀጥሎ በደልዳላ መሬት ላይ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አቁሞ መመዘን ነው። ከዚያም የፊት ጎማዎቹን በጠንካራ መደብ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ የኋላውን እንደገና መመዘን። ባሌስትራው እንዳይሠራ በእንጨት መታሰር፣ የሚዛኑ ጎማዎችም በነፃነት መሽከርከር፣ ሌሎቹ ግን በታኮ መያዝ አለባቸው። የኋላው ክብደት ጭማሪ በሁለቱ አክስሎች ርቀት ተባዝቶ፣ ለጠቅላላው ክብደትና ለዘንበሉ ማዕዘን ታንጀንት ብዜት ሲካፈል፣ የስበት ማዕከሉ ከጎማው መሐል ምን ያህል ከፍ እንደሚል ይሰጣል። የጎማውን ራዲየስ መጨመር ነው የቀረው። ከላይ ባሰላነው ዓይነት መኪና፣ የአክስሎቹ ርቀት 2.70 ሜትር ሲሆን የሚጠበቀው ጭማሪ 65 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በደህና ሚዛን የሚታይ ልዩነት ነው።

ልኬቱ ሦስት ጊዜ ቢደረግ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ 4 ኩንታል በፖርቶ መጋላው ላይ በደንብ ታስሮ፣ በመጨረሻ ያው 4 ኩንታል ወለሉ ላይ ወርዶ። የመኪናው ባለቤትና ሾፌሩ ቢገኙ ይመረጣል፤ ቁጥሮቹንም እነርሱ ራሳቸው ከሚዛኑ ላይ ያንብቡ።